«የማንለው» እና «የምንለው»

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ደስታ ሰውን ጸሐፊ ያደርጋል መሰለኝ። ትምህርት ቤት ካቆምኩ ወዲህ ከደንበኛ ልኬት በቀር ምንም ጽፌ የማላውቅ ሴትዮ ዛሬ ሙሉ ደብተር ገዝቼ ቁጭ ብያለሁ። ካሬ ካሬ ነው፤ ባለመስመሩ አልቋል አለኝ ባለሱቁ። ይሁን። ስፌት የለመደ እጅ ካሬ አያስቸግረውም።

ዛሬ ጓዜን ጠቅልዬ ልጄ ቤት ገባሁ። ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የጎረቤት የውሃ ታንከር የሚታይበት መስኮት። ቤተ መንግሥት ቢሰጡኝ እንዲህ አልደሰትም። ከእንግዲህ የልጅ ልጄን የምይዛት እኔ ነኛ! አራት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። ስትበላም ስትጫወትም ዝዝዝ ስለምትል ጢንዚዛ ብያታለሁ። እናቷ ስሙን አልወደደችውም። የስሙ ባለቤት ግን ወዳዋለች፤ «ጢንዚዛ መጣች!» እያለች ነው በር የምትከፍተው።

ልጄ የክሊኒክ ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ የሰው ደም ስትቀዳ ትውላለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥታ አሥራ አንድ ሰዓት ትመለሳለች። ባሏ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሥራ ሲኖር ይሄዳል፣ ሥራ ሲያልቅ ይመጣል፣ መጥቶም ብዙ አይናገርም። ጥሩ አማች ማለት እሱ ነው።

«እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንሞክረው፣ እማ» አለችኝ ልጄ። እንሞክረው! ጫማ ነኝ እንዴ? ከተስማማን እዚሁ ከነሱ ጋር እኖራለሁ። ካልተስማማን ጢንዚዛ ክሊኒኩ አጠገብ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች፣ እኔም ወደ ኪራይ ክፍሌና ወደ ስፌት ማሽኔ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ። አለቃችን «እስከ ታኅሣሥ ማሽንሽን ማንም አይነካውም» ብሎኛል። ያስቀምጠው። እኔ እንደሆነ አልመለስም። ልጅ ለመያዝ ሙከራ አያስፈልገኝም። እሷን ራሷን ማን አሳደጋት?

አንድ ነገር አስማለችኝ፦ የስፌት ሥራ እዚህ ቤት አይገባም። «መርፌና ልጅ አንድ ምንጣፍ ላይ አይውሉም» አለች። ማልኩላት። ስለ ሌላው ነገር «ሰሞኑን እናወራለን» አለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሌላው ነገር ይኸውና። ማቀዝቀዣው በር ላይ ካርቶን ተለጥፏል።

ልጄ ለወላጆች የሚሰጥ የማታ ትምህርት ስድስት ሳምንት ተከታትላ ነው ያመጣችው። ለሕፃን እንዴት እንደሚነገር ያስተምራሉ አሉ። ካርቶኑን መሃል ለመሃል በማስመሪያ ከፍላ በግራ «የማንለው»፣ በቀኝ «የምንለው» ብላ ጽፋለች። እንዳልረሳው ገለበጥኩት፦

«ዝም በይ!» አንልም። «እየሰማሁሽ ነው፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» እንላለን።

«አትሩጪ!» አንልም። «ቀስ እያልሽ ተራመጂ» እንላለን።

«ምንም አልሆንሽም፣ ተነሺ!» አንልም። «አመመሽ? የት ጋ? አሳዪኝ» እንላለን።

«ጎበዝ ልጅ አታለቅስም» አንልም። «ማልቀስ ትችያለሽ፣ አጠገብሽ ነኝ» እንላለን።

«መርፌ አስወጋሻለሁ!» አንልም። የዚህኛው ትይዩ ባዶ ነው።

«እዚህ ጋ ምን እንበል ታዲያ?» አልኳት።

«ምንም። አይባልም በቃ። እማ፣ ልጆቹ እኔ ጋ ሲመጡ ገና ነጭ ጋዋን ሲያዩ ነው የሚንቀጠቀጡት። ያስፈራሯቸው እናቶቻቸው ናቸው።»

«አንቺም በመርፌ እየተስፈራራሽ ነው ያደግሽው። ይኸው መርፌ ጨባጭ ሆንሽ!»

አማቼ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም። የካርቶኑ ጥግ ተነስቶ ነበር፣ በመዳፏ ተጭና አስተካከለችው።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ትል ነበር እናቴ። ካርቶን ላይ ጽፋ እንደምታስተምር ግን እሷም አልሰማችም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

እየሰማሁሽ ነው። እየሰማሁሽ ነው። እየሰማሁሽ ነው። አፌ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ሆነብኝ። ዕቃ እያጠብኩ ሃያ ጊዜ አልኩት። ጢንዚዛ ከኋላዬ መጥታ «እማማ፣ ማንን ነው የምትሰሚው?» አለችኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ጆሮ ግን ዘመዴ ነው፣ የተባለውን ሁሉ ያመጣልኛል። ልብስ ሳጣጥፍ ወጥ ቤት ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ክፉ አይደለችም» አለች ልጄ። «የምትናገረውን ራሷ አትሰማውም እንጂ።»

«ትንሽ ጊዜ ስጫት፣ ትለምደዋለች» አለ አማቼ።

«አዎ፣ ይለመዳል። እኔስ ለምጄው አይደል ያደግሁት?»

ምኑን ነው የለመደችው? አባቷ ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ቀረ። እኔ በአንድ ማሽን፣ በሁለት እጅና በአንድ አፍ ነው ያሳደግኳት። ደግሞስ ምን አጎደልኩባት? ስትቆጪያት የምትሰማ፣ እንግዳ ፊት የማታሳፍር ልጅ አደረግኳት። ደንበኞቼ «ልጅሽ የት ሄደች?» ይሉኝ ነበር፣ እሷ ከማሽኑ ሥር ቁጭ ብላ። እንዲህ ያለ ልጅ ከሰማይ አይወርድም። ተለፍቶበት ነው።

«አትሰማውም» አለች። እሰማለሁ እንጂ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ጉድ ሆነ!

ጢንዚዛ ጫማ አላደርግም ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ካርቶኑ ላይ በግራ በኩል ያለው ሁሉ ተሰልፎ ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ዋጥኩት። ተንበረከክሁ (ጉልበቴን ጠይቁት) እና «ቀዩን ነው ሰማያዊውን የምታደርጊው?» አልኳት። ይሄንን ልጄ ከካርቶኑ ውጭ በአፍ ነው ያስተማረችኝ። ጢንዚዛ አሰበች። ከዚያ ተነስታ «አንዱን ቀይ፣ አንዱን ሰማያዊ!» አለች፣ አደረገችም። በቃ! ጩኸት የለ፣ ኩርኩም የለ። እየሳቅን ወጣን። አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ «ውይ፣ ጫማዋ ተሳስቷል» ስትለኝ «አልተሳሳተም፣ ምርጫዋ ነው» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

ከሰዓት እሷ ስትተኛ ግን አንድ ነገር አንገበገበኝ። እንዲህ ቀላል ከነበረ ያኔ ምነው የነገረኝ ጠፋ? ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ልጄ ጫማ አላደርግም ስትል አንድ ቀን ባዶ እግሯን መንገድ ላይ ጎትቻታለሁ። ጠጠር ነበረው። ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። ስንት ነገር እያለ።

ለማንኛውም የእኔም አስተዳደግ ፍሬ አለው። ልጄ ጢንዚዛን ስትወልድ ድምፅ አላሰማችም። አንዲት ጊዜ እንኳ! ከጎኗ ያሉት ሴቶች ጣራ ሲያነሱ እሷ አንሶላ ነክሳ ጭጭ። አዋላጇ «ይቺ ገና ናት» እያለች ሁለት ጊዜ አልፋት ሄደች። በኋላ ደም ሲፈሳት ነው የደረሱላት፤ አራት ከረጢት ደም ሰጧት። ግን ጩኸት የለም! ይሄንን ስፌት ቤት ስናገር ጓደኛዬ ዘምዛሚዋ እንባዋ መጣ። እኔ ኩራት ነው የተሰማኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ዘምዛሚዋ ልትጠይቀኝ መጣች። ከእኔ ማሽን ጎን አሥራ ሁለት ዓመት የጨርቅ ጠርዝ የዘመዘመች ጓደኛዬ ናት። ምላሷም እንደ ማሽኗ ነው፣ የሚተርፈው ጠርዝ የለም። ትልቅ ጥቁር ፌስታል ተሸክማለች።

«አለቃ ሰላም ብሎሻል። ስድሳ ቀሚስ ነው። የታችኛው እጥፋት በእጅ ይሰፋ ብለው ትምህርት ቤቶቹ አስቸግረዋል። እንዳንቺ እጅ የለም ብሎ ነው።»

«አይ እቴ፣ ምያለሁ።»

«ለማን?»

«ለልጄ።»

«ለልጅ ይማላል እንዴ? ልጅ ነው ለእናቱ የሚምለው! ደግሞ ማሽን አላመጣሁብሽ። አንዲት መርፌ ናት።»

ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ፌስታሉን ከፍቼ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ሲያውደኝ እጄ ራሱ ተንቀሳቀሰ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የምሠራውን ሁሉ ገና እየተማርኩት ነው። መርፌ ስይዝ ግን የሚያርመኝ የለም።

ፌስታሉን አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ጢንዚዛ አየችኝ። «ይሄ የእኔና የአንቺ ሚስጥር ነው» አልኳት። «ለእማዬ ከነገርሽ መርፌ ያስወጉሻል።» ያቺኑ የካርቶኑን ቃል፣ ትይዩዋ ባዶ የሆነችዋን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ነገ አስተካክለዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

አላስተካከልኩትም። ጊዜ የለም።

አሁን ቤታችን ሁለት ቋንቋ አለው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የግራው፣ ከዚያ በኋላ የቀኙ። ስድሳ ቀሚስ ይዞ «እየሰማሁሽ ነው፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» የሚል ማን አለ? ቀስ ብላ ከነገረችኝ እኮ ይመሻል! «ዝም በይ» አጭር ናት፣ አፍሽ ክር እንደያዘ ትባላለች። በሩ ላይ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ግን እኔም ሌላ ሴት ነኝ፣ ድምፄ ራሱ ይቀጥናል።

ዛሬ ቁልፉን ጢንዚዛ ቀድማኝ ሰማችው። የያዝኩትን ቀሚስ ነጥቃ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችና ፌስታሉን በሁለት እጇ ወደ አልጋው ሥር ገፋችልኝ። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሳቀች። እንዴት ያለች ብልጥ ናት! አቅፌ ሳምኳት።

ልጄ ገብታ «ዛሬስ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» አለች።

«ምንም» አለች ጢንዚዛ።

«ምንም? ቀኑን ሙሉ?»

«ምንም።»

ልጄ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ እኔ ዞረች። «የኔ ቆንጆ፣ እየሰማንሽ ነው፣ ቀስ ብለሽ ንገሪን» አልኩ እኔ። በጣም አሳምሬ ነው ያልኩት። ልጄ ግን ጢንዚዛን ነበር የምታያት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ቸኩያለሁ። ሃያ ሦስት ቀሚስ ቀርቷል፣ ነገ ይወሰዳል። ጢንዚዛ ከአልጋው ስትዘል ምንጣፉ ላይ መርፌ ረገጠች። ከእጄ አምልጦኝ ነበር። ቀጭን ጩኸት ጮኸች። «ምንም አልሆንሽም፣ ተነሺ» አልኳት፣ ተነሳች። ደሙ አንዲት ጠብታ ነው። ጠረግኩላት፣ ካልሲ አደረግኩላት። መርፌው ተሰብሯል። ክር ማስገቢያ ያለበትን ግማሽ አገኘሁት። ሌላው ግማሽ ምንጣፉ ውስጥ ገብቶ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ቀሚሶቹ ሄዱ። ምንጣፉን ሁለት ጊዜ አራገፍኩ። የአማቼን ማግኔት ከመሣሪያ ሳጥኑ ወስጄ ወለሉን ዳሰስኩበት። ስድስት ስፒል፣ አንድ የፀጉር ሽቦ፣ አንድ ሚስማር። ግማሽ መርፌ የለም። በመጥረጊያ ወጥቶ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

በመጥረጊያ ነው የወጣው። እርግጠኛ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጢንዚዛ በአንድ ተረከዟ እየረገጠች ትሄዳለች። «እንደ እማማ ነው የምሄደው» አለችኝ። እኔ እንዲህ ነው እንዴ የምሄደው? ሳቅን። ዛሬ ዝዝዝ አላለችም። ጉንፋን ሊይዛት ይሆናል፣ ሰሞኑን ብርድ ነው።

ካልሲሽን ላውልቅልሽ ስላት እግሯን ሰበሰበች። «አመመሽ? የት ጋ? አሳዪኝ» አልኳት፣ ካርቶኑ ላይ እንዳለ፣ ቃል ሳላጎድል። «ምንም አልሆንኩም» አለች። ጠየቅኋት፣ መለሰችልኝ። ከዚህ በላይ ከአንድ ሰው ምን ይጠበቃል?

ልጄ ግን «ምነው ፈዘዘች?» አለች ማታ። ጉንፋን ነው አልኳት። ለምን ቶሎ መለስኩ?

እሁድ፣ ኅዳር 7

ልጄ ልታጥባት ካልሲዋን አወለቀች። ልጄ ጮኸች። ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ድምፁን አላወቅሁትም፣ ከጎረቤት የመጣ መስሎኝ ነበር። ተሸክመዋት ሮጡ። አማቼ መኪና አስነሳ። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር፣ ግቢ ያለኝ ግን የለም።

ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

በአውቶቡስ ሆስፒታል ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው ላይ ዝሆንና ፊኛ የተሳለበት ኮሪደር። ጢንዚዛ አልጋው ላይ ናት፣ ፊቷ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እግሯ ትራስ ላይ ነው። አላየሁትም። ለማየት አልቀረብኩም ማለቴ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከልጄ ያንሳል። የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳያቸው። ከትንንሾቹ አጥንቶች አጠገብ አንዲት ነጭ መስመር። እኔ ከበሩ ሆኜ አየኋት። ቁጥሩን ሳይቀር ነው ያወቅሁት፣ ሰባት ቁጥር መርፌ ነው።

ሐኪሙ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «የኔ እመቤት፣ መቼ ነው የወጋሽ?»

አንሶላውን እስከ አገጯ ሳበች።

«ማንም አይቆጣሽም። ሲያምሽ ለማን ነገርሽ?»

ጢንዚዛ ቀና ብላ በሩን አየች፣ እኔን። «ምንም አልሆንኩም» አለችው።

«ትንሽም አላመመሽም?»

«ምንም አልሆንኩም። ተነስቻለሁ እኮ።»

ተኝታ ነው ይሄን የምትለው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ጢንዚዛ እናቷን በጣቷ ጠርታ ጆሮዋ ላይ ተለጠፈች። የአራት ዓመት ልጅ ሹክሹክታ ከአዋጅ አይለይም፤ ሁላችንም ሰማነው። «ቀሚሶቹን አልተናገርኩም እኮ። መርፌ አይወጉኝም አይደል?»

«የምን ቀሚሶች?» አለች ልጄ።

«ስድሳ ነበሩ» አልኩ እኔ። ቁጥሩን ምን አስወጣኝ? ትንሽ እንዲመስል ይሆን?

ልጄ አልዞረችም። ነገ በቀዶ ጥገና ያወጡታል። መግሉ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል አለ ሐኪሙ። «ሌላ ሁለት ቀን ቢቆይ ኖሮ…» ብሎ አልጨረሰውም። ጥሩ ልጅ ነው፣ አዋቂ ፊት ክፉ አይናገርም። ቢጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ወጣላት። እግሯ ደህና ይሆናል፣ ትሮጣለች አሉ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ይመስገን፣ ይመስገን።

ጢንዚዛ ስትተኛ ልጄ ኮሪደሩ ላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለት ቀን ሙሉ አልበላችም። ዳቦ ይዤ ነበር፣ ተቀብላኝ ሳትቆርሰው ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ስወልድ ለምን እንዳልጮህኩ ታውቂያለሽ?»

«ጎበዝ ስለሆንሽ ነዋ።»

«መጥራት እንደሚቻል አላውቅም ነበር።»

የነጠላዬን ጫፍ ጠቀለልኩ።

«አዋላጇ ስታልፍ አየኋት። እጄን ማንሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ደሙ ከሥሬ ሲሞቀኝ ይሰማኛል፣ እኔ ግን በሆዴ ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አልሆንኩም እላለሁ። ለሰው ሁሉ ስታወሪው እሰማሻለሁ። ኩራትሽ ነው። እኔ ደግሞ በየሌሊቱ እዚያ አልጋ ላይ ነኝ።»

«እኔ መች ዝም በይ አልኩሽ? የዚያን ቀን መች አልኩሽ?»

ልጄ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ለጠላቴም አልመኝም። «የዚያን ቀንማ አላልሽኝም» አለችና ተነስታ ገባች። ዳቦው ወንበሩ ላይ ቀረ።

ወደ ቤት ስመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ መልስ ስፈልግላት መጣሁ። ብዙ አገኘሁ። ብቻዬን ነበርኩ። እኔንም እንዲሁ ነው ያሉኝ፣ እናቴንም እንዲሁ ነው ያሏት። ለእኔ ካርቶን የጻፈልኝ የለም። ሁሉም እውነት ነው። አንዱንም ግን ለዚያች፣ አንሶላ ነክሳ ለተኛችው ልጅ መንገር አይቻልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የወጣው ደግሞ ከእኔ አፍ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጢንዚዛ ቤት ገባች። እኔ ልወጣ ነው።

ሳሎን አስቀምጠው ነገሩኝ። አማቼ መሬት መሬቱን ያያል። ልጄ እጄን ያዘችና በቀስታ «እንዳዘንሽ አያለሁ፣ እማ» አለች። «ማዘንሽም ልክ ነው። እንወድሻለን። ግን እግሯ ሲድን መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች። ከእንግዲህ እኔ በሌለሁበት ብቻዋን ካንቺ ጋር አትውልም።»

ከቀኝ በኩል ነው የተናገረችኝ፣ ቃል በቃል፣ እንደ አራት ዓመት ልጅ! ደሜ ፈላ።

«በግራው ተናገሪኝ!» አልኳት። «ስደቢኝ! ጩኺብኝ! ገዳይ በይኝ፣ ይቀለኛል!»

«አልችልም።»

«ለምን አትችይም?»

«ከጀመርኩ አላቆምም» አለች። እጄን ግን አልለቀቀችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ስፌት ቤት ተመልሻለሁ። ማሽኔ ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። አለቃችን ጉሮሮውን ጠራረገ። «እስከ ታኅሣሥ ብዬሽ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን አልመለስም ብለሻል ሲሉኝ…» ማን እንዳለው አልጠየቅኩም። ያልኩት እኔ ነኝ፣ እየሳቅሁ፣ ለሰማኝ ሁሉ። አሁን ከመስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክላለሁ።

ዘምዛሚዋ ለማጽናናት ሞከረች። «ልጆች እኮ ናቸው። ነገ ይረሱታል።»

«የወጋ ቢረሳ…» አልኳት። ተረቱን አልጨረስኩትም፣ እሷም ታውቀዋለች። ማሽኗን አስነሳች።

ፌስታሉን ያመጣችው እሷ ናት ብዬ ላስብ እሞክራለሁ አንዳንዴ። አይሆንልኝም። የከፈትኩት እኔ ነኝ።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 5

በደስታ ነው የነቃሁት። ደስታዬ እንደ በፊቱ ነው፣ ምን ላድርገው፣ አብሮኝ የተወለደ ነው። የመጀመሪያው ጉብኝቴ! እሁድ እሁድ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ የልጆች መጫወቻው ጋ፣ እናቷ ባለችበት። ልብሴን ትናንት ነው የተኮስኩት። የካርቶኑን የቀኝ በኩል ቃላት ስለማመድ ሰንብቻለሁ፤ ቁልፍ እየተከልኩ ከከንፈሬ ሥር እላለሁ፣ ማሽኔ ላይ ለተቀመጠችው ወጣት እብድ ሳልመስላት አልቀረሁም።

ጢንዚዛ ስታየኝ ሮጣ መጣች። ሮጣ! ምንም አታነክስም። አቀፈችኝ። ስለ መዋዕለ ሕፃናቱ ነገረችኝ፣ ጥንቸል አለ፣ አንድ ልጅ አሸዋ በልቷል። ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ እኔም እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ማስመሰል አልነበረም። ልጄ ከወዲያ ማዶ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታየናለች። እጇን እንኳ አነሳችልኝ።

ከዚያ ጢንዚዛ መንሸራተቻውን ዞራ ስትሮጥ ጠጠሩ ላይ ወደቀች። በደረቷ፣ ጧ ብላ። ከሁሉም የምቀርባት እኔ ነበርኩ፣ ሦስት እርምጃ። ጉልበቴ ሳይታወቀኝ ተንበርክኬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። «አመመሽ? የት ጋ? አሳዪኝ» አልኳት። ካርቶን አልታየኝም። እመኑኝ፣ በዚህ በምጽፍበት እጄ እምላለሁ፣ ከልቤ ነው ያልኩት።

ቀና ብላ አየችኝ። ጉልበቷ ተልጧል፣ አገጯ ላይ አፈር አለ። ከንፈሯን ገጠመች። በእጇ ተደግፋ ተነሳችና በአጠገቤ አለፈች፣ ቀሚሷ እጄን እየነካው። አልሮጠችም። ቀጥ ብላ ተራመደች፣ አፏ እንደተዘጋ፣ እስከ አግዳሚው ድረስ። እናቷ ጭን ላይ ፊቷን ስትቀብር ያን ጊዜ ለቀቀችው። ምን ዓይነት ለቅሶ! መጫወቻው ሁሉ ዞሮ አየ። ልጄ ምንም አላለችም፣ ጀርባዋን ብቻ ታሻሻለች።

እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ነበርኩ። ከዚያ ሰበሰብኩት።

ስወጣ ቆጠርኩት። ከወደቀችበት እስከ አግዳሚው በልጅ እግር ሃያ ሁለት እርምጃ ይሆናል። ያን ሁሉ ዝም ብላ ነው የሄደችው።